ሲሊንደር ማስፋት ለተበላ ሞተር ጥገና እንጂ ለደከመ ሞተር ጉልበት አይሆንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች፣ በተለይም እኔ በምሠራበት በሱሉልታና በአካባቢው፣ የቆዩ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክሎችን ሲሊንደር «ጉልበት እንዲጨምር» በሚል ምክንያት ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይህን የሚያሠሩት አብዛኞቹ ገንዘባቸውን በብዙ ድካም ያገኙ፣ ሞተሩን ለሥራም ለመዝናኛም የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። እኔም በሞተር ሳይክል ጥገና የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ ሲሊንደር ባይሰፋ ከገቢዬ የተወሰነው ይቀርብኛል። ይሁን እንጂ ያለ ልኬትና ያለ በቂ ምክንያት የሚሰፋው ሲሊንደር ሲበዛ ዝም ብሎ ማየት ስለከበደኝ፣ ጉዳዩን ለባለ ሞተሮችም ለሙያ አጋሮቼም በጋዜጣችሁ በኩል ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የምናገረው ለግብርና ልማት ሠራተኞች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለእርዳታ ድርጅቶች ሲያገለግሉ ከቆዩ በኋላ ወደ ግለሰቦች እጅ ስለተሸጋገሩት፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሱዙኪ ቲኤስ ስላሉት የጥርጊያ መንገድ ሞተሮች ነው። እነዚህ ሞተሮች በቴስታታቸው (ሲሊንደሩን ከላይ በሚዘጋው ክዳን) ላይ ቫልቭ የላቸውም። ፒስተኑ ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች እየከፈተና እየዘጋ አየርና ቤንዚኑን ያስገባል፤ የተቃጠለውንም ጭስ ያስወጣል። ስለዚህ የሲሊንደሩ ግድግዳ ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ብረት ከመሆኑም በላይ የሞተሩ መተንፈሻ ነው፤ እሱን የነካ ሰው የሞተሩን አተነፋፈስ ነክቷል። በአራት ምት ሞተር ልምድ ያካበተ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ እንኳን በባለ ሁለት ምቱ ላይ የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ልብ ሳይል ሲቀር ነው።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንመልከት። የዲቲ 125 ሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ርዝመት ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሁለቱ ሲሰሉ 123 ሲሲ ይሰጣሉ። ለጥገና የሚቀርቡት ኦቨርሳይዝ (ከመጀመሪያው ልክ የሰፉ) ፒስተኖች ብዙውን ጊዜ በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ሲሊንደሩ በ0.50 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የሞተሩ ይዘት 125.4 ሲሲ ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው፣ ማለትም እስከ 57 ሚሊ ሜትር ድረስ ቢሰፋም 127.6 ሲሲ ላይ ይቆማል። ይህ 4 በመቶ እንኳን የማይሞላ ጭማሪ ስለሆነ ዳገት ላይ ያለ ነጂ ሊሰማው አይችልም። ከሬቲፊካ (ሲሊንደር ከሚሰፋበት ቤት) የተመለሰ ሞተር ጎብዞ መገኘቱን የሚናገሩ ባለ ሞተሮች ግን አልዋሹም፤ ሞተሩ የበረታው አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት) ገብቶለት የጠፋው ኮምፕሬሽን (የድብልቁ መታመቅ) ስለተመለሰለት ነው። ያንኑ ጉልበት ሲሊንደሩ ያልተበላ ከሆነ አዲስ ፋሻ ብቻ በመቀየር ማግኘት ይቻል ነበር፤ ካሚቻውም (የሲሊንደሩ ውስጠኛ የብረት ቱቦ) ለሚቀጥለው ጥገና ይተርፍ ነበር። እያንዳንዱ ኦቨርሳይዝ የሚገኘው ከካሚቻው ብረት ላይ ተፍቆ ነው፤ የመጨረሻው ልክ ካለቀ በኋላ የሚቀረው አዲስ ካሚቻ ማስገባት ወይም አዲስ ሲሊንደር መፈለግ ብቻ ስለሆነ፣ ለእነዚህ የቆዩ ሞተሮች ሁለቱም ቀላል አይደሉም።

ባለ ሞተሮቹ «ሞተሬ ዳገት አይወጣም» ሲሉ የሚያቀርቡት ቅሬታ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሱሉልታ ከዚያም ትበልጣለች፤ እንጦጦ ማርያም ድረስ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በ2,400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት ሲሊንደሩን የሚሞላው በሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ማንኛውም የነዳጅ ሞተር አየር መጭመቂያ ካለው በስተቀር ከዚህ አያመልጥም። ይህን ጉድለት በስፋት ብቻ እንመልስ ብንል 56 ሚሊ ሜትር የነበረውን ሲሊንደር 65 ሚሊ ሜትር አካባቢ ማድረስ ይኖርብናል፤ ያንን ደግሞ የዚህ ሞተር ካሚቻ ፈጽሞ አይችልም። ያማሃ ራሱ በዚሁ በ50 ሚሊ ሜትር ምልልስ ዲቲ 175ን ሲሠራ የሲሊንደሩን ስፋት 66 ሚሊ ሜትር አድርጓል፤ ነገር ግን የ125ቱን ካሚቻ አልፋቀም፤ ለ175ቱ የራሱን ሲሊንደር፣ የራሱን ፒስተንና የራሱን ቴስታታ አዘጋጀለት። ፋብሪካው እንኳን በዚህ መንገድ የሠራውን ሥራ እኛ በቶርኖ ብቻ እንጨርሰዋለን ማለት ትክክል አይደለም።

ከፍታው ሌላም ነገር ያበላሻል፤ ይሄኛው ግን በጥቂት ገንዘብ የሚስተካከል ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚመጥነው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው በእርጥብ ጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፤ ሞተሩም ነዳጅ ሲሰጡት እየተንተባተበ ይጨሳል። ለዚህ መፍትሔው በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን የቤንዚን ጄት (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ቁጥሩ ዝቅ ባለ መቀየር፣ እየነዱ የካንዴላውን ቀለም እየተመለከቱ ደረጃ በደረጃ ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለሱሉልታ አየር የተመጠነ ጄት የያዘ ሞተር በጎጃም መንገድ ወደ አባይ ሸለቆ ቢወርድ ከፍታው ከግማሽ በታች ይሆናል፤ አየሩ ሲወፍር ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግልና የፒስተኑ አናት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቆላ የሚወርድ ሰው ትልቁን ጄት ከመሣሪያው ጋር ይዞ መሄድና ከመውረዱ በፊት መመለስ አለበት።

ከጄቱ ሌላ ሲሊንደሩ ከመነካቱ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ስለሚቃጠል፣ የጭስ መውጫው መስኮትና ማርሚታው ከጊዜ በኋላ በደረቅ ካርቦን ይጠባሉ። የማርሚታው የውስጥ ቱቦ ወጥቶ ሲጸዳ ብቻ እንደ አዲስ የሚሆኑ ሞተሮች ብዙ ናቸው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ፣ የኮሎው (የፒስተኑን ምልልስ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ) ጎማ ማኅተሞች ከደረቁ፣ ወይም በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያሉት የሪድ ቫልቭ ምላሶች ከተሰነጠቁ ሞተሩ ይደክማል፤ ከእነዚህ አንዱንም የቶርኖ ቢላ አይጠግነውም። ዳገት ለሚበዛበት ሰው ደግሞ የኋላውን የካቴና ጥርስ ብዛት በሁለት ወይም በሦስት መጨመር፣ ከፍተኛው ፍጥነት ትንሽ ቢቀንስም፣ ከማንኛውም ኦቨርሳይዝ የበለጠ ጥቅም ይሰጠዋል።

ታሪኩም ይህንኑ ያስረዳል። ምሥራቅ ጀርመናዊው መሐንዲስ ዋልተር ካደን እ.ኤ.አ. በ1961 ከሞተር ሳይክል ፋብሪካው ከኤምዜድ ባለ 125 ሲሲ የውድድር ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ያህል ሲያወጣ ሲሊንደሩ ከውድድሩ የ125 ሲሲ ገደብ መውጣት አይችልም ነበር። ጉልበቱን ያገኘው የጭስ ማውጫውን ቅርጽ በማጥናት፣ ከሞተሩ የሚወጣው የግፊት ሞገድ ተመልሶ ያልተቃጠለውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋው በማድረግ፣ እንዲሁም የመስኮቶቹንና የአየር ማስገቢያውን አሠራር በማሻሻል ነው። የእኛ ባለ ሞተሮች የውድድር ሞተር አያስፈልጋቸውም፤ ይሁንና የባለ ሁለት ምት ሞተር ጉልበት በአብዛኛው ከአተነፋፈሱ እንደሚመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሲሊንደር በእርግጥ መስፋት የሚኖርበት ጊዜ አለ፤ እሱም ሲበላ ወይም ፒስተን ነክሶ (ግድግዳው ላይ ተጣብቆ) ግድግዳው ሲጫር ነው። በእኛ አካባቢ ሲሊንደር የሚበላው ባብዛኛው በአቧራ ነው። ከድንጋይ መፍጫዎችና ገና አስፋልት ካልደረሰባቸው መንገዶች የሚነሳው አቧራ ባልታጠበና ዘይት ባልተቀባ የስፖንጅ ፊልትሮ በኩል አልፎ ሲገባ፣ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ፒስተኑንም ግድግዳውንም ይሞርዳል። የተበላ ሲሊንደር በአንድ ቦታ ተለክቶ አይታወቅም፤ ፋሻው ከሚደርስበት የላይኛው ጫፍ በታች፣ በመካከልና ከታች፣ በእያንዳንዱም ቦታ እርስ በርስ በሚሻገሩ ሁለት አቅጣጫዎች መለካት አለበት። ላይኛው ከታችኛው ከበለጠ ሲሊንደሩ እንደ ቀንድ ሾጧል ማለት ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ከተለያዩ ደግሞ ክብነቱን አጥቷል። ይህ በካሊፐር የሚሠራ ሥራ አይደለም። የሚፈለገው ልዩነት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ማይክሮሜትርና የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ ሰዓት ያስፈልጋል።

ከልኬቱ ቀጥሎ ያለው ሕግ ፒስተኑ በእጅ ሳይያዝ ሲሊንደሩ እንዳይነካ ነው። ፒስተን ከሶማሌ ተራም ይገዛ ከመርካቶ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነተኛ መጠኑ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ፒስተኑ ቀሚሱ ላይ፣ ፒኑ ከሚያልፍበት አቅጣጫ ጋር በዘጠና ዲግሪ፣ በማይክሮሜትር ተለክቶ ሲሊንደሩ ለእሱ ብቻ ይሰፋል። በአየር በሚቀዘቅዙ በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች በፒስተኑና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት፣ የፋብሪካው መመሪያ የሚያዘው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም የአንድ የደብተር ወረቀት ውፍረት ግማሽ ገደማ ማለት ነው። ክፍተቱ ሲያንስ ፒስተኑ ሲግል ሰፍቶ ይነክሳል፤ ሲበዛ ደግሞ እያንኳኳ ቀሚሱ ይሰነጠቃል። ቶርኖው የመጨረሻውን ልክ አያወጣም፤ ጥቂት ተርፎ በሆኒንግ (ግድግዳውን አሻሽቶ በሚጨርስ) ድንጋይ በሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች መጨረስ አለበት፤ ዘይቱ ግድግዳው ላይ የሚቆየው በእነዚያ መስመሮች ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንዘነጋው ቦታ ልምጣ። በቅርቡ ከቡራዩ በኩል የመጣ አንድ ወጣት ሲሊንደሩ ከሰፋ ብዙም ሳይቆይ የቆመ ዲቲ 125 ይዞ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ቴስታታውን ፈትቼ ሲሊንደሩን ሳወጣ ሥራው ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ግድግዳው እንደ መስታወት ያበራል። ጣቴን ወደ ውስጥ አስገብቼ በጭስ መውጫው መስኮት ጠርዝ ላይ ሳሳልፍ ግን እንደ ምላጭ ስለት ቆረጠኝ። ቢላው መስኮቱን አቋርጦ ሲያልፍ የተወውን ስለት ማንም አልነካውም ነበር። በመስኮቱ በኩል ባለፈ ቁጥር ፋሻው ጥቂት ወደ ውጭ ስለሚለጠጥ፣ ከዚያ ስለት ጋር ተጋጭቶ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ስባሪው በፒስተኑ አናትና በቴስታታው መካከል ገብቶ ሁለቱንም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወቅሯቸዋል። የዚያ ወጣት ሙሉ ወጪ የጠፋው በጥሩ ሞረድና በለዘበ የአሸዋ ወረቀት የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝ ዙሪያውን ለማለስለስ የሚበቃ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስላልተሠራለት ነው። ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ሁሉም መስኮቶች እንዲህ መለስለስ አለባቸው፤ የጭስ መውጫው መስኮት በመካከሉ ድልድይ ያለው ከሆነም ድልድዩ ሲግል ወደ ውስጥ ስለሚያብጥ ፊቱ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር መፋቅ ይኖርበታል። ፋሻዎቹም በፒስተኑ ቦይ ውስጥ ባለችው ትንሽ ፒን ላይ ጫፋቸው በትክክል መግጠሙ መረጋገጥ አለበት፤ ፒኗ የተቀመጠችው የፋሻው ጫፍ ዞሮ መስኮት ላይ እንዳይወድቅ ነው።

ቶርኖ ፈጽሞ ሊነካቸው የማይገባ ሲሊንደሮችም አሉ። አዳዲሶቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች የብረት ካሚቻ የላቸውም፤ የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ኒካሲል በሚባል፣ ኒኬልና ሲሊከን ካርባይድ ባለበት በጣም ስስና ጠንካራ ንብርብር ተለብጧል። ቢላ የገባበት ኒካሲል ተላጦ ያልቃል፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ አሉሚኒየምም ፒስተንን ወዲያው ይነክሳል። ለመለየት ሲሊንደሩን ገልብጦ ከታች በኩል ማየት ይጠቅማል፤ የብረት ካሚቻ ካለው በአሉሚኒየሙ ውስጥ የተሰካ የተለየ የብረት ቀለበት በግልጽ ይታያል። ቀለበት ያልታየበት ሲሊንደር ወደ ቶርኖ አይሂድ።

ከኦቨርሳይዝ አልፎ ትልቅ ለማስፋት የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ሥራው በሲሊንደሩ እንደማያበቃ ይወቅ። ቴስታታው በአዲሱ ስፋት ልክ ካልተፋቀ ፒስተኑ ጠርዙን ሊመታው ይችላል፤ የቃጠሎው ክፍል ይዘት ካልተስተካከለም ኮምፕሬሽኑ ከሚገባው በላይ ወጥቶ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በአዲሱ ልክ መቆረጥ አለበት፤ የከበደው ፒስተንም ለቀድሞው የተመጠነውን የኮሎውን ሚዛን ያዛባል። ካሚቻው በሳሳ መጠንም ሲግል ቅርጹን ያጣል። ሁሉም ተጠንቶ ሲሠራ የሚሆን ነገር ነው። ለምሳሌ በውጭ አገር 54 በ54.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን የያማሃ ዋይዜድ 125 ሲሊንደር 58 ሚሊ ሜትር አድርገው 144 ሲሲ የሚያደርሱት ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱ ግን ሲሊንደሩን እንደገና በኒኬል ይለብጡታል፤ ለእሱ የተሠራ ፒስተንና በልኩ የተዘጋጀ ቴስታታም አብረው ይገጥማሉ።

ሥራው አልቆ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ሲሊንደሩ በቤንዚን ብቻ መታጠቡ አይበቃም። የሆኒንጉ ድንጋይ ዱቄት በመስመሮቹ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀር፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ተፈትጎ፣ በነጭ ጨርቅ ሲታሽ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪያቆም ድረስ መታጠብ፣ ወዲያውም ዘይት መቀባት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ኃላፊነት የነጂው ነው። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየሞቀና እየቀዘቀዘ፣ ሙሉ ነዳጅ ሳይሰጠው መለማመድ ይኖርበታል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው በተለይ ይህን ልብ ይበል፦ ዘይቱ በቤንዚኑ ውስጥ በተደባለቀበት ሞተር፣ ነዳጅ መስጫውን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ለፒስተኑ ዘይት መንሳት ነው። በቁልቁለት መሐል የነከሰ ፒስተን የኋላውን ጎማ በድንገት ይቆልፈዋል፤ ነጂው ፍሪሲዮኑን ለመያዝ ካልፈጠነ ይወድቃል። እየወረዱ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጥቂት ነዳጅ መስጠት ይህን አደጋ ያስቀራል።

በዚህ ደብዳቤ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የቶርኖና የሬቲፊካ ቤት ባለቤቶች የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ እንዲይዙና ፒስተን ይዞ ያልመጣን ደንበኛ እንዲመልሱ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በአውቶ ሞቲቭ ትምህርታቸው ውስጥ የባለ ሁለት ምት ሲሊንደር መስኮት አጨራረስን በተግባር እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ፤ እነዚህ ሞተሮች በዙሪያችን ገና ለብዙ ዓመታት ስለሚሠሩ ትምህርቱ ጊዜው አላለፈበትም። ባለ ሞተሮችም ሲሊንደራቸውን ሲረከቡ ከደረሰኙ ጋር ሦስት ቁጥሮች በጽሑፍ እንዲሰጧቸው ይጠይቁ፦ የፒስተኑን መጠን፣ የሲሊንደሩን የመጨረሻ ስፋትና በሁለቱ መካከል የቀረውን ክፍተት። እነዚህን ቁጥሮች መጻፍ ያልቻለ ቤት አልለካም ማለት ስለሆነ፣ ሲሊንደሩን ከመግጠማቸው በፊት ሌላ ቦታ ወስደው ያስለኩ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞተር ሳይክል ጥገና ባለሙያ
ከሱሉልታ